ኮከብ ያደረግሁት ጣሳ

ጎጆ ውስጥ ቆሻሻ የለም። ጎጆ ስል ሣር ክዳን ቤት ማለቴ አይደለም፤ ከአምቦ በስተሰሜን፣ ደጋው ላይ ያለችውን ብርዳም ከተማ ማለቴ ነው። ገብስ አለ፣ ድንች አለ፣ በግ አለ፣ ጠዋት ጠዋት ጣት የሚያቆረፍድ ውርጭ አለ። የሚጣል ነገር ግን የለም። አሁን ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር እናገረዋለሁ። ያን ጊዜ እሱን ለማወቅ አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ከትምህርት ቤት መቅረት ነበረባት፣ እኔም ገበያ መሀል ቆሜ መሳቂያ መሆን ነበረብኝ።

እዚያ ስመደብ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ያደግሁት አምቦ ነው፤ ቤታችን አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ትንፋሽ ስለሚነገርበት ቋንቋ አልቸገረኝም። የቸገረኝ ብርዱ፣ መንገዱና የራሴ እልህ ነበር። እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ «እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ አንቺ ደግሞ ሁለት ሦስት ሳትውጪ አትቀሪም» ትለኝ ነበር። አልተሳሳተችም።

ከመመደቤ በፊት በነበረው ክረምት አምቦ ላይ አንድ ሥልጠና ወስጄ ነበር። ርዕሱ ከሚጣሉ ነገሮች የበዓል ጌጥና የትምህርት መርጃ መሥራት ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ ተቆርጦ አበባ ሲሆን፣ ጣሳ ተዘርግቶ ኮከብ ሲሆን፣ አሮጌ ካርቶን ቤት ሲሆን አየሁ፤ እጄም ቶሎ ለመደው። ሌላው ሰልጣኝ ለውሎ አበሉ ሲመጣ እኔ ለትምህርቱ መጣሁ ብል ውሸት አይሆንም። በጣም ነበር የወደድኩት።

ታኅሣሥ ሲገባ የእኛ ርዕሰ መምህር ለገና አንድ የፕላስቲክ ጥድ ከአምቦ ይገዛ የሚል ሐሳብ በመምህራን ማረፊያ ክፍል አነሳ። በጥድ መሀል የምንኖር ሰዎች ነን፤ መስኮቱን ከፍቶ ቢመለከት ጥዱ ቆሞ ያየዋል። እኔም አላስችል አለኝና ከዳር ተቀምጬ «የእኔ ክፍል አንድም ነገር ሳይገዛ፣ ከሚጣል ነገር ብቻ፣ ለገና ያጌጣል» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። መምህራኑ ተያዩ፤ አንዱ «እስቲ እናያለን» አለ። «እስቲ እናያለን» የሚባል ቃል ደግሞ ለእኔ ክብሪት ነው።

በማግሥቱ ልጆቹን «ነገ ከቤታችሁ የሚጣል ነገር ይዛችሁ ኑ» አልኳቸው። «ጣሳ፣ ጠርሙስ፣ ካርቶን፣ ያገኛችሁትን፣ ብቻ የማይፈለግ ይሁን።» ሃምሳ የሚጠጉ ናቸው። ሁሉም እሺ አሉ። በማግሥቱ ሁሉም ባዶ እጃቸውን መጡ።

ያኔ ማሰብ ነበረብኝ። ሃምሳ ልጅ በአንድ ቀን አይሰንፍም። ነገር ግን ያሰብኩት ስለ ልጆቹ ሳይሆን ስለ «እስቲ እናያለን» ነው። ተቆጣሁ። «ነገ ባዶ እጁን የሚመጣ፣ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ሰሌዳው ሥር በአንድ እግሩ ይቆማል» አልኩ። ይህን ስል ድምፄ እስከ ግቢው አጥር እንደተሰማ በኋላ ጥበቃው ነገረኝ።

በሦስተኛው ቀን ይዘው መጡ። አንዱ የአባቱን የዝናብ ቦቲ አንድ እግሩን ይዞ መጣ፤ ሌላኛውስ ስለው «ቤት ነው፣ እንዳይታወቅ» አለኝ። አንዷ ያመጣችው ጠርሙስ ታች ላይ ሁለት ጣት ያህል ላምባ ነበረው፤ «ስንጨርስ ትመልሽልኛለሽ አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። አንዱ ጥሩ ጆንያ አምጥቶ እጁ ላይ እንደተጠቀለለ አልለቅም አለ። ይህ ሁሉ ምልክት ፊቴ ተደርድሮ አልነቃሁም። እንዲያውም የልጅ ነገር ብዬ ሳቅሁ።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበረች። አሥር ዓመቷ ነው፤ ሒሳብ ላይ ከሁሉም ትቀድማለች፤ ስትመልስ ግን ጠረጴዛውን እያየች ነው። ከነጠላዋ ሥር አንድ ጣሳ አወጣች። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ለቆ ነጭ ብረት ሆኗል፣ አፉ ከእጅ ብዛት ለስልሷል፣ ጎኑ ላይ አንድ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ አለው። እኔ ያየሁት ግን ቆርቆሮው ስስና ለመቁረጥ የሚመች መሆኑን ብቻ ነው። ይኼ የማን ነው፣ ይጣላል ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። «ጎበዝ» አልኳት።

ከአናጢ የተዋስኩትን የቆርቆሮ መቀስ አውጥቼ ጣሳውን ልጆቹ እያዩ ቆረጥኩት። ታችኛውን ክብ አነሳሁ፣ ጎኑን ዘረጋሁ፣ በእርሳስ ኮከብ ሣልኩበት፣ ቆረጥኩ፣ በምስማር በሳስቼ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩት። ልጅቷ መቀሱ ገና ሲገባ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። እኔ ብርድ መሰለኝ። ኮከቡ በእውነት ቆንጆ ነበር። ከሰዓት በኋላ «እስቲ እናያለን» ያለውን መምህር እጁን ይዤ አምጥቼ አሳየሁት።

ልጅቷ በማግሥቱ ቀረች። በሚቀጥለውም ቀን ቀረች። በሦስተኛው ቀን አጠገቧ የምትቀመጠውን ልጅ ጠየቅኋት። እሷም ግራ ቀኝ አየችና «እናቷ ከልክላታለች» አለች። «ለምን?» ስላት ወደ መስኮቱ በአገጯ ጠቆመች። «ጣሳው የገበያ ነው፣ ባርሲስቱ።» እዚያ ሴት አስተማሪን የሚጠሩት እንዲህ ነው። ክው አልኩ።

የገበያ ጣሳ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልናገር። ጎጆ ገበያ ላይ ገብስና ቆሎ የሚሸጡ ሴቶች ሚዛን የላቸውም። በጣሳ ሰፍረው ነው የሚሸጡት። የሁሉም ጣሳ እኩል አይደለም፤ አንዱ ቁመቱ ረዘም፣ አንዱ አፉ ሰፋ ይላል። ገዢው ግን እያንዳንዷን ሴት ከነጣሳዋ ያውቃታል። የእገሊት ጣሳ ለሁለት ቀን ይበቃኛል ብሎ ነው የሚመጣው። ጣሳው ከሴትዮዋ ስም አይለይም።

ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። እናትየው ግቢው ውስጥ ተቀምጣ ገብስ ታበጥር ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ባሏ ሞቶ አንድ ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች። ልጅቷ እንዳየችኝ ቤት ውስጥ ገባች። እናትየው ግን ተነስታ ሰላም አለችኝ፣ በርጩማ አቀረበችልኝ፣ የቤተሰቤንም ደኅንነት ጠየቀች። እንግዳ እንግዳ ነው። ከዚያ ሰፌዱን አስቀመጠችና ተናገረች። የተነጋገርነው ሁሉ በኦሮምኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ አስቀምጠዋለሁ።

«ጣሳው የባሌ እናት ነበር» አለች። «እሷ ስትሞት ለእኔ ደረሰኝ። ሰው እሷን የሚያውቃት በሱ ነው፣ እኔንም የሚያውቀኝ በሱ ነው።»

«አዴ፣ አላወቅሁም» አልኩ፤ አዴ እመት እንደማለት ነው።

«አላወቅሽም።» ከዚያ በፊት ስታገኘኝ እርስዎ ነበር የምትለኝ። «ልጄ በአሥር ዓመቷ ከገዛ ቤቴ ሰረቀች። ለምን ሰረቅሽ ስላት ባርሲስቱን ፈርቼ አለችኝ። ልጄን ሌባ የሚያደርግ ትምህርት ቤት አልፈልግም።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ካለፈው ገበያ ጀምሮ የጎረቤት ጣሳ ተውሳ እንደምትሰፍር፣ ገዢዎቿም እጃቸውን ጣሳው ውስጥ ከተው እየለኩ ጥለዋት እንደሚሄዱ ነገረችኝ። አንዱማ «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ብሏት ነው የሄደው፤ ሰፋሪዋን ሌባ ማለቱ ነው። «ስለዚህ ልጄ ከእኔ ጋር ትውላለች» አለች። «ለሚጠይቀኝ ሁሉ ጣሳው የት እንደሄደ እሷ ትናገር።»

«ከአምቦ የተሻለ ጣሳ አመጣልሻለሁ፣ ልጅቷን ግን ነገ ላኪያት» አልኩ። እናትየው ቀና ብላ አየችኝ። ያ አስተያየት ንዴት አልነበረም፤ ለሞኝ የሚታዘንበት ዓይነት ነበር። ሰፌዷን አነሳች።

ያን ቀን ማታ ቤቴ ስገባ ለራሴ አንድ ነገር ማልኩ፤ ይህች ልጅ ከገና በፊት ክፍሌ ውስጥ ትቀመጣለች። በሰንበት አምቦ ወረድኩ፤ ከእናቴ ጓዳ አዲስ የዱቄት ወተት ጣሳ ወሰድኩ። ከቀድሞው ይበልጣል እንጂ አያንስም። ለእናትየው ሰጠኋት፤ ተቀበለችኝ። ነገሩ ተፈታ ብዬ ደስ አለኝ።

በገበያ ቀን የጠዋት ፈረቃዬን ጨርሼ ላያት ሄድኩ። ራቅ ብዬ ቆምኩ። አንድ ሽማግሌ መጡና አዲሱን ጣሳ አንስተው ገልብጠው ታችኛውን በጣታቸው ቆረቆሩ፤ ውስጡ ተደርቦበት እንደሆነ ለማወቅ ነው። ከዚያ መልሰው አስቀምጠውት ሄዱ። አንዲት ሴት «አዲስ ጣሳ፣ አዲስ ልክ» ብላ አለፈች። ጣሳው እኮ ይበልጣል፤ ቢሰፈርበት የምትጎዳው ሻጯ ናት። ማን ይሰማል? የሚያብረቀርቅ ጣሳ ሲያይ የገበያ ሰው የሚያምነው ዓይኑን ሳይሆን ጥርጣሬውን ነው።

ከሁሉ የባሰው ግን ልጅቷ ናት። ከእናቷ ጎን ተንበርክካ ለቆመው ሰው ሁሉ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛውን እያየች በምትመልስበት በዚያ ድምፅዋ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እናቴ አላሳነሰችም» ትላለች። አንዱ ሲሄድ ለሚቀጥለው ደግማ ትላለች። አንጀቴን በላችኝ። እኔ ያጠፋሁትን እሷ ስትቀበለው ቆሜ አየሁ፤ ወደፊት ወጥቼ «እኔ ነኝ» ለማለት ግን እግሬ አልታዘዘኝም። አስተማሪ ነኛ። ደመቅ ያለ ሹራብ ለብሻለሁ፣ ሰዎች ያውቁኛል። ዞሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በዚያ ቀን እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ርዕሰ መምህሩ ነገሩን ሰምቶ ነበር። መልካም ሰው ነው፣ ግን መዝገብ ይወዳል። «አቋርጣለች ብለሽ መዝግቢ፣ መምህርት። በየዓመቱ ከገብስ አጨዳ በኋላ የሚያቋርጥ አለ» አለኝ።

«አልመዘግብም» አልኩት። «ቀርታለች እንጂ አላቋረጠችም።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«የቀረ ይመጣል።»

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ስሟን ጠራሁ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «የለችም» ይላሉ፣ እኔም ምልክት አድርጌ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። አንድም ቀን አልዘለልኳትም።

ኮከቡን ከመስኮቱ አወረድኩት። ቦቲውን፣ ጆንያውን፣ ጠርሙሱን ከነላምባው ለየባለቤቱ መለስኩ። ያልኩትን ማጠፍ ግን አልወድም፤ ክፍሉ በሚጣል ነገር ያጌጣል ብያለሁ፣ ያጌጣል። እናም በከተማዋ ውስጥ የሚጣል ነገር ፍለጋ ገባሁ። ሱቆችን አየሁ፤ ካርቶኑ ለጫጩት ማደሪያ ሆኗል። ሻይ ቤቶችን አየሁ፤ ጠርሙሱ ለዘይት ተወስዷል። ሁለት ቀን ከዞርኩ በኋላ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ጀርባ ያለው ጉድጓድ ፊት ቆምኩ። ያለቀ እስክሪብቶ፣ የጠመኔ ካርቶን፣ የተባዛና ማንም ያላነበበው የሩብ ዓመት ሪፖርት፣ ያለፉት ዓመታት ዕቅድ በክምር። ጎጆ ውስጥ የሚጥለው ሰው እኛ የተማርነው ብቻ ነን። ጥርሴን ነክሼ ሳቅሁ።

ልጆቹ በዚያ ሠሩ። ሪፖርቱን በቀጭን በቀጭን ቆርጠው ሰንሰለት አደረጉት፣ የጠመኔውን ካርቶን አበባ አደረጉት፣ የእስክሪብቶውን ቀፎ በሣር ጠልፈው ነፋስ ሲነካው የሚንኳኳ መጋረጃ ሠሩ። ሙጫ ሲያልቅብን አንዱ በገብስ ዱቄት እንሥራ አለኝ፤ እህል አይሆንም አልኩት፣ እያጠፉ እርስ በርሱ መሰካት ተማሩ። ርዕሰ መምህሩ ገብቶ ከሦስት ዓመት በፊት የነበረውን ዕቅድ ግድግዳ ላይ አበባ ሆኖ ሲያየው በጣቱ ነካ አደረገው። «ቢያንስ አሁን ሰው አየው» ብሎ ወጣ። የፕላስቲኩን ጥድ ነገር ዳግመኛ አላነሳም። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንድ ቦታ ባዶ ነበር።

ከገና በፊት ያለው የመጨረሻው ገበያ ትልቅ ነው፤ ደጋው ሁሉ ይወርዳል። ከዚያ በፊት ባለው ሰንበት እንደገና አምቦ ሄድኩ። አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ጓሮ የቲማቲም ድልህ የነበረባቸው ትልልቅ ጣሳዎች ተጥለው አገኘሁ፤ አምቦ ውስጥ ቆሻሻ አለ። ሁለት መርጬ አጥቤ ያዝኩ። በገበያው ቀን እነሱን፣ የቆርቆሮ መቀሱን፣ አንድ ምስማርና ያንን ኮከብ በዘንቢል ይዤ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ራቅ ብዬ አልቆምኩም።

ከእናትየው ጎን ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጥ አንዲት ገብስ ሻጭ ትቀመጣለች። የሣር ቁናዋ ፊቷ ነው፤ ሰው በቁና ሲገዛ ሁሉም ከሷ ነው የሚዋሱት። አጎንብሼ ሰላም አልኳት፣ ሃርሜ ብዬ፣ እናቴ ማለት ነው። ከዚያ ቀና ብዬ ሰዎቹ እንዲሰሙ ተናገርኩ። «የዚህችን ሴት ጣሳ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ አላጠፋችም፣ እናቷም አላሳነሰችም። ይኸው።» ኮከቡን አወጣሁ።

 ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው «ታዲያ በኮከቡ ስፈሪልን» አለ፣ ሳቅ ሆነ። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። እናትየው አላየችኝም፤ ገብሷን በእጇ ታስተካክላለች። ልጅቷ ግን አየችኝ።

አሮጊቷ ኮከቡን ተቀብላ አገላበጠችው። ጎኑ ላይ የነበረውን ጎድጓዳ ቦታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። «ይኼው፣ እሱ ነው» አለች። «ይኼ ጣሳ አምስቴ ሲሰፈር ቁናዬን አፍ ለአፍ ይሞላል። አማቷ በሕይወት ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

የምፈልገው ይኼንን ነበር። «እንግዲያው አምስቴ የሚሞላ ጣሳ እዚሁ እሠራለሁ፣ እናንተ እያያችሁ» አልኩ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አንዱን ትልቅ ጣሳ በአሮጊቷ ገብስ ሞልቼ ሰፈርኩ፤ በአራተኛው ቁናው ሞላ። አንድ ጣት ያህል ከአፉ ቆረጥኩለት። እንደገና ሰፈርኩ፤ አሁንም ተርፎ ፈሰሰ። ትንሽ ቆረጥኩ፣ ሰፈርኩ። ሴቶቹ መክበብ ጀመሩ። አንዷ «አስተማሪ ስንት ክፍል ነው የምታስተምረው?» ትላለች፣ ሌላዋ «ይኼንንም ክፍል ጨምሩላት» ትላለች። በስድስተኛው ቁራጭ አምስቱ ጣሳ ቁናውን ልክ ሞላው። ደስ ብሎኝ ስለቱ እጅ እንዳይቆርጥ አፉን ወደ ውጭ አጥፌ በድንጋይ ቀጠቀጥኩት።

አሮጊቷ ቁናዋን ገልብጣ አራገፈችና «አሁን ስፈሪ» አለች። ሰፈርኩ። ጎደለ። ያጠፍኩት ዙሪያ ከቁመቱ ላይ በልቶታል። ቆርቆሮ ደግሞ አንዴ ካጠረ አይረዝምም። ሰዎቹ ሳቁ፤ አሁን ግን ሳቁ ሌላ ነበር፣ የራስ ልጅ ሲሳሳት የሚሳቀው ዓይነት። ጣቴ ተቆርጦ ደም ወጥቶኛል። «ተይው፣ የኔ ልጅ» አለች አሮጊቷ።

«ሁለተኛ ጣሳ አለኝ» አልኩ።

በሁለተኛው ላይ አልቸኮልኩም። በምስማር ዙሪያውን መሥመር አወጣሁ፣ ለሚታጠፈው የትንሽ ጣት ስፋት ተውኩ፣ ቆረጥኩ፣ አጠፍኩ፣ ቀጠቀጥኩ። ከዚያ ጣሳውን ለአሮጊቷ ሰጠኋት። እኔ ብሰፍር ዋጋ የለውም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ብላ ቆጠረች፤ በአምስተኛው የቁናውን አናት በመዳፏ ጠረገች። ሦስት አራት ፍሬ ገብስ ብቻ ወደቀ። «እሱ ነው» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ከዚያ ሴቶቹ አንድ በአንድ እጃቸውን እየከተቱ አዩት። ባለፈው ጣሳውን የቆረቆሩት ሽማግሌም መጡ፣ ታችኛውን ቆረቆሩ፣ ከዚያ ጋቢያቸውን ዘርግተው «ስፈሪልኝ» አሏት። እናትየው ሰፈረችላቸው። ምርቃትም ጨመረች።

እኔ ተነስቼ ቀሚሴን አራገፍኩ። ሥራዬን ጨርሻለሁ ብዬ «አዴ፣ እንግዲህ ነገ ትልኪያታለሽ?» አልኩ።

«ጣሳዬን መልሰሽልኛል፣ እግዜር ይስጥሽ» አለች። «ልጄን ግን አልመለስሽልኝም።»

አልገባኝም።

«ገበያው ሁሉ ሰምቷል። ገበያው ልጄን ሌባ አላላትም። ሌባ የሚሏት አብረዋት የሚማሩት ናቸው፤ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ይጠሯታል። ያስፈራራሻት እዚያ ነው። እዚያ ንገሪያቸው።»

ልጅቷ እግሯን እያየች ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለዚህች ልጅ ስሮጥ፣ ከርዕሰ መምህር ጋር ስከራከር፣ አምቦ ስወርድና ስወጣ፣ ለራሷ ለልጅቷ አንድ ቃል እንኳ አልተናገርኩም። ያኔ ነው የታወቀኝ። «ነገ ጠዋት» አልኳት፣ እሷን እያየሁ። 

ገበያ መሀል መቆም ከዚህ ይቀላል። ክፍል ውስጥ አስተማሪ አይሳሳትም፤ ቢሳሳትም ሰሌዳውን ያጠፋል እንጂ ይቅርታ አይልም። እኔም ያደግሁት እንዲያ ነው። ጠዋት ስም ልጠራ መዝገቡን ገለጥኩ። በሩ ክፍት ነው፤ ውጭ ውርጩ ላይ እናትየው የልጇን እጅ ይዛ ቆማለች። አልገቡም። እኔም ግቡ አላልኩም፤ የሚጠብቁትን አውቃለሁ።

መዝገቡን ዘጋሁ። «ልጆች» አልኩ፣ «አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባዶ እጁን የሚመጣ ይቆማል ብዬ ነበር። ጥፋቱ ያ ነው። ቤታችሁ የሚጣል ነገር እንደሌለ ማወቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅኋችሁም። ጓደኛችሁ ጣሳውን ያመጣችው ፈርታ ነው። እኔም የማን ነው ሳልል ቆረጥኩት። ሌባ አይደለችም። ሌባ የሚላት ካለ መጀመሪያ እኔን ይበል።»  ከዚያ ወደ በሩ ዞርኩና ለልጅቷ «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

 ከፊት ያሉት እኔን፣ ከኋላ ያሉት በሩን ያያሉ።

እናትየው እጇን ለቀቀቻት። «ግቢ» አለች፣ ዞራም ሳታይ ሄደች።

ልጅቷ ገባች። ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፤ አጠገቧ ያለችው ጠጋ አለችላት። ደብተሯን አወጣች፣ ገለጠች፣ ባዶውን ገጽ በመዳፏ አስተካከለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ጠረጴዛውን ሳይሆን እኔን እያየች «ባርሲስቱ፣ የት ደርሳችኋል?» አለችኝ።

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ፣ እንባ ቀደመኝ። ገጹን ያሳየቻት ከጎኗ የተቀመጠችው ልጅ ናት።